«ወራጅ አለ» እስኪል ድረስ

«ከእኔ በፊት እሱን ይውሰድልኝ።»

የአእምሮ እድገት ውስንነት ወይም ኦቲዝም ካላቸው ልጆች ጋር የሚሠራ ሰው ይህን ጸሎት ሳይሰማ አይቀርም። እኔ መጨረሻ የሰማሁት ሃያ ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ካላቸው እናት ነው። አላለቀሱም፤ ስለ ቤት ኪራይ የሚያወሩ ይመስል በረጋ ድምፅ ነው የተናገሩት። ትንሽ ቆይቶ ምሳ ቀረበና ልጁ እጁን ሊታጠብ ተነሣ። ቧንቧውን ከፈተ፣ እጁን አራሰ፣ ሳሙናውን አሸት አሸት አደረገ። ከዚያ እጁ በአረፋ እንደተሸፈነ ቀጥ ብሎ ቆመ። ውሃው ይፈሳል። እናቱ ከሳሎን ሆነው ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት «በል አሁን አለቅልቀው» አሉ። አለቀለቀ፤ ቆመ። «ዝጋው።» ዘጋ። «ፎጣ።» ወሰደ።

ይህ ልጅ በየትኛውም የግምገማ ቅጽ ላይ «እጁን ይታጠባል» ተብሎ ምልክት ይደረግለታል። እጁ በእርግጥም ይችላል። ግን ሥራው ስምንት ደረጃ ካለው ሦስቱ የእናቱ ድምፅ ነው፤ ድምፁ ከሌለ ውሃው እየፈሰሰ እሱ ይቆማል። እኚህ እናት በሃያ ዓመት ውስጥ ብዙ ነገር አስተምረውታል፤ ልብስ መልበስ፣ አልጋ ማንጠፍ፣ ሳህን ማጠብ። ሁሉም ግን ከእሳቸው ጋር የተሰፋ ነው። ልጅን ለአዋቂነት ማዘጋጀት ስንል አብዛኞቻችን አዳዲስ ችሎታ መጨመርን እናስባለን። እኔ ዛሬ የማምነው ሌላ ነው፤ የበለጠው ሥራ ራሳችንን ከችሎታው ውስጥ በዕቅድ ማውጣት ነው።

ከአፍ የሚወጣ እርዳታ

ልጅን ስናስተምር እርዳታችን ደረጃ አለው። ከሁሉም የሚከብደው እጁን ይዞ ማሠራት ነው፤ ቀጥሎ ሠርቶ ማሳየት፣ ቀጥሎ በጣት ማመልከት፣ ከዚያ በቃል መንገር። ብዙ ወላጅ በቃል መንገር ላይ ሲደርስ «አሁንማ ራሱን ችሏል» ይላል፤ እጁን አልነካውማ። ለመተው እጅግ የሚያስቸግረው ግን ይኸው የቃል እርዳታ ነው። እጃችንን ስናነሣ እናውቀዋለን። ቃል ግን ሳናስተውለው ያመልጠናል፤ ስልክ እያወራን እንኳ በመሀል «ቀጥል» እንላለን። ልጁም «ቀጥል» የሚለውን እንደ አንድ የሥራው ክፍል አድርጎ ይማረዋል።

የሚሠራው መንገድ ይህ ነው። መጀመሪያ ሥራውን ራሳችሁ እየሠራችሁ ደረጃዎቹን በወረቀት ጻፉ። ከዚያ የልጁን የራሱን ሳሙና፣ የራሱን ፎጣ፣ ያንኑ ቧንቧ በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ አሳትሙና በላስቲክ ሸፍናችሁ ከመታጠቢያው በላይ በቅደም ተከተል ለጥፉ። ከኢንተርኔት የተወሰደ የሌላ አገር መታጠቢያ ሥዕል ለብዙዎቹ ልጆች ምንም አይነግራቸውም፤ ችግራቸው አንዱ ነገር ከሌላው ጋር እንደሚመሳሰል ማየት ላይ ነው። ልጁ ሲጀምር ፊቱ ሳይሆን ኋላው ቁሙ። ሲያቆም በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ካልቀጠለ አትናገሩ፤ ክንዱን ነካ አድርጋችሁ ወደ ፎቶው አመልክቱ። በፎቶው ብቻ ሦስት ቀን በተከታታይ ከሠራ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ከዚያ በሩ ላይ፣ ከዚያ ሌላ ክፍል ውስጥ ሁኑ።

መጀመሪያ ሰሞን ነገሩ ይብሳል። ልጁ ዝምታውን እንደ ቁጣ ይወስደዋል፤ ይነጫነጫል፣ ዞሮ ያያችኋል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል። ብዙው ቤተሰብ «አይችልም ማለት ነው» ብሎ ወደ ድምፁ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ጥቂት ቀን ብትታገሡ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። በየደረጃው «ጎበዝ! ጎበዝ!» ማለትም ድምፅ መሆኑን አትርሱ፤ ምስጋናው ሥራው ሲያልቅ አንድ ጊዜ በሙሉ ልብ ይሁን።

አያት፣ የቤት ሠራተኛ፣ እንግዳ ሆና የመጣች አክስትም ይህን ማወቅ አለባቸው። እናት ዝም ብላ እስከ አሥር ስትቆጥር አክስት «ምነው ልጄ፣ ና እኔ ላድርግልህ» ካለች የሰሞኑ ልፋት ይበላሻል። ለአክስት ማስረዳት የሚከብድ ከሆነ ሥራ ስጧት፤ «ሲጨርስ አንቺ ነሽ የምትስሚው» በሏት። ደስ ብሏት ትጠብቃለች።

ከመጨረሻው መጀመር

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እንላለን። አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ቤት ውስጥ ይህ ተረት ሕግ ሆኖ ይቀራል፤ ልጁ ሠላሳ ዓመት ሲሞላውም አያቦካም። አንዱ ምክንያት ሥራውን ከመጀመሪያው ማስተማራችን ነው። ሽሮን እንውሰድ። ከሽንኩርት መክተፍ ከጀመርን ልጁ ዓይኑ አንብቶ፣ ቢላውን ፈርቶ፣ ወጡን ሳያየው ይሰለቻል፤ እናትም ሰዓቱ ስለሄደባት «ተወው፣ እኔ ልጨርሰው» ትላለች። የተማረው ነገር መተው ነው።

ስለዚህ ከመጨረሻው ጀምሩ። የመጀመሪያው ሰሞን ሁሉንም እናንተ ሠርታችሁ የእሱ ድርሻ ምድጃውን አጥፍቶ ማቅረብ ብቻ ይሁን። ገና ከመጀመሪያው ቀን ሥራ ጨርሶ፣ አቅርቦ፣ «እጅህ ይባረክ» ተብሎ ይበላል። ያ ሲጸና እያማሰለ ማንተክተኩን ይጨምር፤ የስልክ ሰዓት 15 ደቂቃ ላይ ይሞላለትና ሲጮህ ያጥፋ። ቀጥሎ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ። ቀጥሎ መበጥበጥ፣ እንዲህ እያለ ወደ ፊት ይመለሳል። ልኩ ለሁለት ሰው 2 ብርጭቆ ውሃና 4 ሙሉ የሾርባ ማንኪያ ሽሮ ነው። አንዱን ብርጭቆ ውሃ ቀዝቃዛውን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ከሽሮው ጋር መበጥበጥ፣ ሌላውን ድስት ውስጥ ማፍላት፣ ከዚያ የተበጠበጠውን ቀስ አድርጎ መገልበጥ። ደረቅ ዱቄት በፈላ ውሃ ላይ መበተን ለእኛ ቀላል ነው፤ እጁ ለሚንቀጠቀጥ ወይም ለሚዘገይ ልጅ ግን ጓል ያበዛል፣ ይፈናጠርና ያቃጥላል። ብርጭቆው ላይ ውሃው የሚደርስበትን ቦታ በቀለም ፕላስተር ምልክት አድርጉ። ሽንኩርት መክተፍ የመጨረሻው ትምህርት ይሁን፤ እስከዚያ የተከተፈ ሽንኩርት በዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥለት።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አለ። መብራት ይጠፋል። ልጁ ድስቱን ጥዶ እያለ መብራት ሲሄድ ሥራው አለቀ ብሎ ከወጥ ቤት ይወጣል፤ የምድጃው ቁልፍ ግን እንደበራ ነው። ከሁለት ሰዓት በኋላ መብራቱ ሲመጣ ደረቅ ድስት ይነድዳል። «ምድጃ ማጥፋት»ን የተማረ ልጅ የተማረው የጋለ ምድጃ ማጥፋትን ነው፤ የቀዘቀዘ ምድጃም ሊጠፋ እንደሚገባው አያውቅም። ስለዚህ ይህ ለብቻው ትምህርት ነው። ቆጣሪውን ሆን ብላችሁ እያጠፋችሁ በተለያየ ቀን ደጋግማችሁ አለማምዱት፤ ከቁልፉ አጠገብም ቁልፉ «0» ላይ ያለበትን ፎቶ ለጥፉ።

ታክሲ

ከቤት መውጣት ላይ የብዙ ወላጅ ልብ ይርዳል፤ መርዳቱም ትክክል ነው። ግን አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ መሳፈር የማይችል ጎልማሳ ሥራ፣ ጓደኛ፣ ቤተ እምነት፣ ሐኪም ቤት ሁሉ በሌላ ሰው ፈቃድ የሚደርስባቸው ቦታዎች ይሆኑበታል።

መስመር ስትመርጡ መውረጃው የታክሲው መጨረሻ የሆነውን ምረጡ። ልጁ የሚሄደው ሜክሲኮ ወይም መገናኛ ከሆነና ታክሲው እዚያው የሚያበቃ ከሆነ ሁሉም ይወርዳል፤ እሱም ተከትሎ ይወርዳል። «ወራጅ አለ» የሚለው ገና ሌላ ትምህርት ነው፤ ምክንያቱም መንገዱን እያዩ ማሰብን፣ ሰዓቱን መገመትን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ድምፅ ማውጣትን በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። መናገር ለማይችል ልጅ «እዚህ ቦታ ወራጅ ነኝ፤ እባክዎ ያውርዱኝ» ተብሎ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ካርድ ሲገባ ለረዳቱ ይስጥ። ረዳቶች ላይ ብዙ እንማረራለን፤ እንዲህ ያለ ካርድ ሲደርሳቸው ግን ብዙዎቹ አደራ ጠባቂ ናቸው።

የልምምዱ ሰዓት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ይሁን፤ የሥራ መግቢያና መውጫ ሰልፍ ላይ ማንም አይማርም። ጋቢና ክፍት ከሆነ ጥሩ ነው፤ መንገዱ ይታያል። የመሄጃው ሒሳብ ልክ በልኩ በአንድ ኪስ፣ የመመለሻው በሌላ ኪስ፣ ለክፉ ቀን አንድ 100 ብር ከስልኩ ሽፋን ሥር። በመጀመሪያ አጠገቡ ተቀመጡ፤ ከዚያ ከኋላው ወንበር፤ ከዚያ እንደማትተዋወቁ ሆናችሁ፤ ከዚያ አንዱ አሳፍሮት ሌላው መውረጃው ላይ ይጠብቀው፤ ከዚያ ብቻውን ሄዶ ሲደርስ ይደውል። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር መለኪያው የእኛ ፍርሃት መቀነሱ አይደለም፤ ልጁ ያለ እርዳታ አምስት ጉዞ በተከታታይ መጨረሱ ነው።

ምን ይበላሻል? ዋናው ምልክት ነው። ልጁ «ቢጫው ሱቅ ሲመጣ» ብሎ ይማራል፤ ከተማው በኮሪደር ልማት ሲቀየር ቢጫው ሱቅ አንድ ቀን የለም። በቀላሉ የማይነሣ ነገር ምረጡ፤ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ድልድይ፣ የባቡር ጣቢያ፤ ለአንድ መውረጃም ሁለት ምልክት ይኑር። ክረምት ላይ መስታወቱ በጉም ስለሚሸፈን ምንም አይታይም፤ ጨርቅ ይያዝ፣ መጥረግም ይለማመድ። አንዳንዴ ታክሲው መንገዱን ቆርጦ መሀል ላይ «እዚህ ነው የምናበቃው» ይላል። ስለዚህ መጥፋትን ራሱን አስተምሩት። መመሪያው አጭር ይሁን፤ መጀመሪያ ቁም፣ ከዚያ ከጥበቃ ወይም ከፋርማሲ ሠራተኛ ዘንድ ሂድና ካርድህን አሳይ፣ ደውል። ከዚያ አንድ ቀን እናንተ ከሩቅ እያያችሁት የማያውቀው ቦታ ላይ ይውረድና ይሞክረው። የስልክ ቁጥራችሁ ያለበት ካርድ አንገቱ ላይ አይንጠልጠል፤ ከደጉ ሰው ይልቅ ክፉው ቀድሞ ያየዋል። ኪሱ ውስጥ ይሁን።

ገንዘብን በተመለከተ መቁጠር ለማይሆንለት ልጅ ዋጋውን ሰምቶ ከዚያ የሚበልጠውን ቅርቡን ኖት መስጠት ይበቃዋል፤ 37 ከተባለ 50፣ 80 ከተባለ 100። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የምንይዛቸው ሰማያዊው 100 እና ሐምራዊው 200 በጨለማ ታክሲ ውስጥ ስለሚምታቱ 200ው ከቤት ባይወጣ ይሻላል። ቴሌብር ከኖት ይቀልለዋል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ስልኩን ለባለሱቁ ሰጥቶ ምስጢር ቁጥሩን መንገር እንዳይለምድ፣ ሒሳቡም ውስጥ ከሳምንት ወጪው የበለጠ አይቀመጥ።

እምቢ ማለት

ታዛዥ ልጅ ስናሳድግ ሰው ያመሰግነናል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበትን ልጅ ደግሞ ከሌላው በላይ ታዛዥ እናደርገዋለን፤ አዋቂ የሆነ ሁሉ ና ሲለው ይመጣል፣ ልብስህን አውልቅ ሲለው ያወልቃል። ሐኪሙ፣ አስተማሪው፣ አስታጣቢው ሁሉ እንዲያ ሲለው አድጓል። እነዚህ ልጆች ለፆታዊ ጥቃት የሚጋለጡበት አንዱ በር ይኸው ነው፤ አፍረን ብንዘለው በሩ አይዘጋም።

እምቢታ የሚለመደው በትንሽ ነገር ነው። ሁለት ሸሚዝ አቅርቡለትና የመረጠውን ይልበስ፤ ባያምርበትም። ሻይ አልፈልግም ሲል «ትንሽ ቅመስ» አይባል። ሳመኝ ሲባል ካልፈለገ እጅ ይጨብጥ፤ ዘመድ ቢቀየምም። ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ ማን፣ የት፣ ለምን ገላውን ሊነካ እንደሚችል በአካል ክፍሎቹ እውነተኛ ስም ይነገረው፤ በቅጽል ስም የተማረች ልጅ የደረሰባትን ለፖሊስም ለሐኪምም መግለጽ ያቅታታል። ለሴት ልጆች የወር አበባ ትምህርት ደሙ ከመታየቱ በፊት መጀመር አለበት፤ ሞዴሱን በውስጥ ልብስ ላይ መለጠፍ፣ ለብሶ ለአንድ ሰዓት መቆየት፣ በየአራት ሰዓቱ መቀየር፣ ጠቅልሎ መጣል። ደም ባየችበት ቀን እነዚህን ሁሉ በአንዴ መማር ያስደነግጣታል።

ሳይርቅ በቅርቡ

«ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚባለው እዚህ ይሠራል። የሕይወት ክህሎቱ በስምንትና በአሥር ዓመት፣ የሥራ ልምምዱ በአሥራ አራት ይጀመር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀጠርም፤ ከ15 እስከ 18 ያለውም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። እስከዚያ የጎረቤት እህል መልቀም፣ የዘመድ ሱቅ ዕቃ መደርደር፣ ችግኝ ማጠጣት በቂ ልምምድ ነው፤ ሁለት ሰዓት ቆሞ መሥራትን፣ ከእናቱ ውጭ ሌላ ሰው ሲያዘው መስማትን ይማርበታል። ሥራ ሲፈለግለት አዋጅ ቁጥር 568/2000ን ይዛችሁ ሂዱ። አካል ጉዳተኛን በቅጥር ማግለልን ይከለክላል፤ የአእምሮ ጉዳትንም ይጨምራል፤ አሠሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ግዴታ ይጥልበታል። በተግባር ግን አሠሪን የሚያሳምነው ልጁ አንድ ሳምንት በሰዓቱ መጥቶ ሲሠራ ማየቱ ነው፤ የሙከራ ሳምንት ለምኑለት።

18 ሲሞላው በሕግ ፊት አዋቂ ነው። ፍርድ ቤት ካልከለከለው በቀር የአካለ መጠን መብቱ ሁሉ የእሱ ነው። ብዙ ወላጅ በሰው ምክር «በፍርድ ይከልከልና ሞግዚት ልሁን» ብሎ ይሮጣል። ርስት የሚነጥቅ ዘመድ ከተፈራ፣ ልጁም ምንም የማይረዳ ከሆነ ያስፈልግ ይሆናል። ግን ከባድ መሣሪያ ነው፤ ውል መዋዋልን፣ ማግባትን ሁሉ ይነካል፤ አንዴ ከተወሰነ ለማስነሣትም ሌላ ክርክር ይጠይቃል። ከእሱ በፊት የሚሞከሩ አሉ። በእሱና በታላቅ እህቱ ጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ፣ ለሚረዳው ጉዳይ ብቻ የተወሰነ ውክልና። የፋይዳ መታወቂያውንና የቀበሌ መታወቂያውን ግን አታዘግዩ፤ ያለ እነሱ ሒሳብም አይከፈት፣ ሲም ካርድም በስሙ አይወጣ።

እድር ውስጥም በስሙ ይመዝገብ፤ ወርሃዊ መዋጮውን ራሱ ይክፈል። ሰንበት ላይ ወንበር ሲያወጣ፣ ድንኳን ሲተከል ገመድ ሲይዝ ሰፈሩ በስሙ ያውቀዋል። ወላጅ ያለፈ ቀን በሩን የሚያንኳኩት እነዚህ ሰዎች ናቸው፤ ያኔ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚወድ ቢያውቁ ለእሱም ለእነሱም ይቀላል።

ኑዛዜም ይጻፍ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ በቃል «ቤቱ የእሱ ነው» ብሎ ለጎረቤት መናገር እንደ ኑዛዜ አያድነውም። ለእህት ወይም ለወንድም አደራ ከመጣላችሁ በፊት ጠይቋቸው፤ ሳይጠየቁ የወረሱት አደራ ብዙ ቤት አፍርሷል። ከኑዛዜው ጋር ስለ ልጁ የሚያወራ አንድ ደብተር አብሮ ይቀመጥ። ሲያመው እንዴት እንደሚያሳይ፣ የሚወስደው መድኃኒት ስምና መጠኑ፣ ምን ሲጮህ እንደሚደነግጥ፣ ሲናደድ ምን እንደሚያረጋጋው፣ ማንን እንደሚወድ፣ ማንን እንደሚሸሽ፣ የትኛውን ታክሲ እንደሚሳፈር፣ እንዲሁም የትኛውን ሥራ ማንም ሳይናገረው ብቻውን እንደሚሠራ። በየዓመቱ ለአዲስ ዓመት ይታደስ። አንዱ ቅጂ ከታላቅ እህቱ ወይም ወንድሙ ዘንድ፣ አንዱ ከእድሩ ዳኛ፣ አንዱ ከራሱ መሳቢያ ውስጥ ይሁን፤ ስለ እሱ የተጻፈ ስለሆነ የት እንዳለ እሱም ይወቅ።